የለመደው ማን ነው?

(በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ለሰፈራችን ሰዎች ያደረግኩት ንግግር ነው። ስጽፈው አንዳንዱን አሳጥሬያለሁ፤ በመጨረሻ የተነሱትን ጥያቄዎችም ጨምሬያለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን ዋላችሁ።

ሥራሽ ምንድን ነው ስባል «ባክቴሪያ አርቢ ነኝ» እላለሁ። ሰው ይስቃል። ግን እውነቴን ነው። ሌላው ዶሮ ያረባል፣ እኔ በሽታ አምጪ ባክቴሪያ አረባለሁ። ምግባቸውን አዘጋጅቼ፣ ሙቀቱን 35 ዲግሪ ላይ አስተካክዬ ማታ አስቀምጣቸዋለሁ። ጠዋት ሄጄ ምን እንደሆኑ አያለሁ። እርሾ አስቀምጦ የሚያውቅ ሰው ሥራዬ ቶሎ ይገባዋል። ልዩነቱ የእናንተው ይበላል፣ የእኔው ይበላችኋል።

በነገራችን ላይ በግም አለን። አንዳንድ ባክቴሪያ ደህና አድርጎ የሚያድገው የበግ ደም የተቀላቀለበት ምግብ ላይ ስለሆነ በጓሯችን አንድ በግ ታስሯል። አልፎ አልፎ ትንሽ ደም ይቀዳለታል እንጂ ፋሲካ መጣ ገና መጣ አይነካም። በአገራችን እንደሱ ዕድለኛ በግ ያለ አይመስለኝም።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ዛሬ የመጣሁት ስለ አንድ ቃል ላወራችሁ ነው። ቃሉ «መላመድ» ነው።

በቀደም ሰፈር ፋርማሲ ተራ እየጠበቅኩ ነበር። ከፊቴ አንድ ወጣት አለ። አፍንጫው ቀልቷል፣ ያስነጥሰዋል። «አሞክሳሲሊን እንዳትሰጪኝ፣ ለምዶኛል፤ ከፍ ያለ ስጪኝ» አላት። ልጅቷ ማዘዣ አልጠየቀችም። አዚትሮማይሲን አወጣችለት። «ሦስት ፍሬ ናት። በቀን አንድ አንድ። በሦስት ቀን ትገላገላለህ።» ከፍሎ ሄደ።

ጉንፋን እንደያዘው ከኋላው ቆሜም ያስታውቃል። ጉንፋን የሚያመጣው ቫይረስ ነው። አዚትሮማይሲን ደግሞ የጉንፋን ቫይረስ አይገድልም። ሦስት ቀን ሲሞላው ጉንፋኑ በራሱ ጊዜ ቀለል ይለዋል፤ ምስጋናውን ግን አዚትሮ ትወስዳለች። በሚቀጥለው ሲያመውም እሷኑ ይጠይቃል።

እኔስ ምን አልኩ? ምንም። ፓራሲታሞሌን ገዝቼ ወጣሁ። ስንት ዓመት ይህን ሳጠና ኖሬ አፌን መክፈት አቃተኝ። ዛሬ እዚህ መቆሜ ለዚያ ዝምታ ካሣ ይሁንልኝ። ልጁንና ሦስቷን ፍሬ ግን ያዙልኝ፤ እመለስባቸዋለሁ።

«ለምዶኛል» ሲል ምን ማለቱ ነው? ሰውነቱ መድኃኒቱን እንደለመደ ነው የሚያስበው። ቡና እንደሚለመደው፣ ጫት እንደሚለመደው። እዚህም እንደዚያ የሚያስብ አይጠፋም፤ ቃሉ ራሱ ወደዚያ ይመራል። ግን ፔኒሲሊንን እንይ። ባክቴሪያ ዙሪያውን አጥር አለው። ፔኒሲሊን አጥሩን እንዳይሠራና እንዳይጠግን ያደርገዋል። አጥሩ ሲሳሳ ባክቴሪያው ውሃ እየገባበት ይፈነዳል። የእኛ ሴል እንዲህ ዓይነት አጥር ስለሌለው መድኃኒቱ አልፎት ይሄዳል። እኛ የምንለምደው ነገር የለም። የሚቋቋመው ባክቴሪያው ነው።

የቃላት ጉዳይ አይደለም። «ሰውነቴ ነው የለመደው» የሚል ሰው ነገሩ የራሱ ብቻ ይመስለዋል። የራሴ ሆድ፣ የራሴ ብር፣ ማን ምን አገባው ይላል። እስቲ ልጠይቃችሁ፤ የስድስት ቀን ሕፃን ምን መድኃኒት ለምዶ ያውቃል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ ሆስፒታል የጨቅላ ሕፃናት ክፍል የደም ናሙና ወደ ላቦራቶሪያችን መጣልን። ልጁ ከተወለደ ስድስት ቀኑ ነው። ጡት አልይዝም ብሏል፣ ሰውነቱ ይቀዘቅዛል። ከእንደዚህ ያለ ልጅ የምትቀዳው ደም የሻይ ማንኪያ እንኳ አትሞላም። ጠርሙሱን ባክቴሪያ በሙቀት የምናሳድግበት ሳጥን (ኢንኩቤተር) ውስጥ አስገባነው። በማግስቱ ፈሳሹ ደፈረሰ። ትንሽ ወስጄ የባክቴሪያ ምግብ ያለበት ሳህን ላይ አሰመርኩ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሳህኑን ስከፍት ሮዝ፣ ወፈር ያለ፣ የሚያብለጨልጭ ነገር ሞልቶታል። በሽቦ ስነካው እንደ ተልባ ይዝለገለጋል። ክሌብሲየላ የሚባለው ባክቴሪያ ይሆናል ብዬ ጠረጠርኩ። ስናጣራው ራሱ ሆነ።

ከዚያ የዲስኩ ሥራ ይመጣል። ባወር፣ ኪርቢና ባልደረቦቻቸው በ1966 መልክ ያስያዙት ዘዴ ነው። ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ባክቴሪያውን ሳህኑ ላይ በጥጥ ትቀባላችሁ። በላዩ መድኃኒት የተነከሩ ትንንሽ ክብ ወረቀቶች ትደረድራላችሁ። እያንዳንዱ ወርዱ 6 ሚሊሜትር ነው። ከ16 እስከ 18 ሰዓት ትጠብቃላችሁ። መድኃኒቱ የሚሠራ ከሆነ በወረቀቱ ዙሪያ ባዶ ክብ ይታያል። ባክቴሪያው እዚያ ቦታ መብቀል አልቻለም ማለት ነው። ክቡን በማስመሪያ ትለካላችሁ። መድኃኒቱ ካልሠራ ባክቴሪያው ወረቀቱ ጥግ ድረስ መጥቶ ይቆማል።

በአራተኛው ቀን የዚያን ልጅ ሳህን አንስቼ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዝኩት። ጄንታማይሲን፣ ክብ የለም። ሴፍትሪያክሶን፣ የለም። ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ የለም። ኮትሪሞክሳዞል፣ የለም። ወረቀቶቹ ሣር ውስጥ እንደወደቀ ሳንቲም ተውጠዋል። ሰፊና ንጹሕ ክብ የነበረው አንዱ ወረቀት ዙሪያ ብቻ ነው፤ ሜሮፔነም።

ደወልኩ። ሐኪሟ እስክጨርስ ሰማችኝና «እኛ ጋ እኮ አልቋል» አለችኝ። አባትየው ማዘዣውን ይዞ ከፋርማሲ ፋርማሲ ሲዞር ዋለ። ማታ አገኘ። በስንት እንደገዛው አልጠየቅኩም። ልጁ ዳነ። ሁሉም ታሪክ ግን እንዲህ አያልቅም። እኔም ያ ሳህን እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ያ ልጅ አንድ ፍሬ አንቲባዮቲክ ሳይቀምስ፣ ሌላው ሰው ለዓመታት በዋጠው መድኃኒት ተመርጦ የቀረውን ባክቴሪያ ነው የወረሰው። ክሌብሲየላ እርጥብ ቦታ ይወዳል። የመታጠቢያ ገንዳ ፍሳሽ ውስጥ ይኖራል። ከዚያም በእጅ ይሄዳል፤ በነርሷ እጅ፣ በሐኪሙ እጅ፣ በእኛም እጅ።

በዓለም ደረጃ ስንት ሰው እንደሚሞት ለሚጠይቅ፣ በ2022 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው ትልቅ ጥናት በ2019 ብቻ መድኃኒት በተቋቋሙ ባክቴሪያዎች ምክንያት 1.27 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ገምቷል። ከኤችአይቪ ወይም ከወባ የበለጠ ነው። ከሁሉም ክፍለ ዓለም የሞቱ መጠን ከፍ ያለው ከሰሃራ በታች ባለው ምዕራብ አፍሪካ ነበር። እኔ ግን ቁጥር ሲበዛብኝ ያን ሳህን ነው የማስበው።

ወደ ቃሉ ልመለስ፤ ገና አልለቀቀንም። «እሺ፣ ሰውነቴ ሳይሆን ባክቴሪያው ነው የለመደው» ብትሉም ሌላ ስህተት ይጠብቃችኋል። መልመድ ስንል መማር ነው። ልጅ መራመድ ይለምዳል፣ በሬ ቀንበር ይለምዳል። ባክቴሪያውም መድኃኒቱን ቀምሶ፣ ተቸግሮ፣ ኋላ ዘዴ ያገኘ ይመስለናል። ብዙ ሳይንቲስቶችም እንደዚያ ያስቡ ነበር።

ይህን በዓይን በሚታይ ሁኔታ ያፈረሱት ባልና ሚስት ናቸው። ኤስተርና ጆሹዋ ሌደርበርግ ይባላሉ፤ ዓመቱ 1952 ነው። መሣሪያቸው ከፋይ ጨርቅ ነበር። አዎ፣ ካባ የሚሠራበት ከፋይ። ባክቴሪያ የበቀለበትን ሳህን ገልብጠው ከፋዩ ላይ ጫን ያደርጋሉ። ባክቴሪያው በከፋዩ ፀጉር ላይ ይቀራል፤ ልክ እንደ ማኅተም። ከዚያ ያንን ማኅተም መድኃኒት ያለበት አዲስ ሳህን ላይ ያትማሉ። እዚህ ሳህን ላይ ከብዙ ሚሊዮን ባክቴሪያ የሚበቅሉት ጥቂቶች ብቻ ናቸው፤ ለምሳሌ አንዱ በግራ ጥግ። አሁን ወደ መጀመሪያው ሳህን ይመለሳሉ። እሱ መድኃኒት የሚባል ነገር በአጠገቡ አልፎ አያውቅም። ከዚያው ከግራ ጥጉ ወስደው ደጋግመው ሲፈትሹ የሚቋቋመው እዚያ ተገኘ። መድኃኒቱ ከመምጣቱ በፊትም ነበረ። ማንም አላስተማረውም።

(ጆሹዋ በ1958 ኖቤል ሲሸለም ኤስተር አልተካተተችም። ይሄ ሌላ ንግግር ይወጣዋል።)

ታዲያ መድኃኒቱ ምን ሠራ? ጎረቤቶቹን ጠረገለት። አንጀታችን ውስጥ የሚኖረው ኢ. ኮላይ የተባለ ባክቴሪያ ሲመቸው በየ20 ደቂቃው ሁለት ይሆናል። አንዱ በ10 ሰዓት ውስጥ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ይደርሳል። በዚህ ሁሉ መባዛት መካከል አልፎ አልፎ የመገልበጥ ስህተት ይፈጠራል። ለአንዳንድ መድኃኒት ከ100 ሚሊዮን አንዱ በስህተቱ ምክንያት የሚቋቋም ሆኖ ይወጣል። በሌላ ጊዜ ምንም አይደለም፤ ብዙኃኑ ምግቡን ይሻሙታል፣ እሱም ተሸፍኖ ይኖራል። መድኃኒት ሲመጣ ግን ሌላው ሁሉ ያልቃል። ያቺ አንዷ ሜዳው ለብቻዋ ይሆንላታል።

የቲቢ ሕክምና በአራት መድኃኒት የሚጀመረው በዚሁ ምክንያት ነው። ብዙ ሰው «ለምን ይሄ ሁሉ ክኒን?» ይላል። ቲቢ የቦረቦረው ሳንባ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ በመቶ ሚሊዮኖች ሊቆጠር ይችላል። አንድ መድኃኒት ብቻ ከሰጣችሁት የሚቋቋመው እዚያው ውስጥ ተቀምጦ እየጠበቃችሁ ነው። እንግሊዞች ስትሬፕቶማይሲን የተባለውን የቲቢ መድኃኒት ብቻውን ሞክረው በ1948 ባወጡት ጥናት ያዩት ይህንኑ ነው። በሽተኞቹ በመጀመሪያዎቹ ወራት ተሻላቸው፣ ጥቂት ቆይቶ ብዙዎቹ ተመልሰው ወደቁ። ሁለት መድኃኒት በአንድ ጊዜ የሚቋቋም ግን በአጋጣሚ አይገኝም ማለት ይቻላል። መቶ ሚሊዮን ጊዜ መቶ ሚሊዮን አባዙት። ከአራቱ አንዱን «ሆዴን አመመኝ» ብሎ የሚተው ሰው ይህን ሒሳብ ነው የሚያበላሸው። አገራችን መድኃኒት የተላመደ ቲቢን ማከም የጀመረችው በ2009 በቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ነው። ያኔ ሕክምናው እስከ ሁለት ዓመት ይዘልቅ ነበር፤ መርፌም ነበረው። ዛሬ ለብዙዎቹ በአፍ የሚወሰድ የስድስት ወር ሕክምና አለ።

እስካሁን ያወራሁት አንዱ ባክቴሪያ ለልጆቹ ስለሚያወርሰው ነው። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ሥራዬ ይቀል ነበር። በ1950ዎቹ ጃፓን ውስጥ የተቅማጥ ወረርሽኝ የሚያመጣው ሺጌላ በአንድ ጊዜ አራት መድኃኒት የሚቋቋም ሆኖ ይገኝ ጀመር። ግራ ገባቸው። አራት ስህተት ባንዴ ከየት ይመጣል? የበሽተኞቹን ሰገራ ሲመረምሩ እዚያው አንጀት ውስጥ ያለው ኢ. ኮላይም እነዚያኑ አራት መድኃኒቶች ይቋቋማል። በ1959 የጃፓን ተመራማሪዎች መቋቋሙ ከአንዱ ዝርያ ወደ ሌላው እንደሚተላለፍ አሳዩ።

ፍላሽ ዲስክ አስቡ። ባክቴሪያ ከዋናው ዘረ መሉ ሌላ ፕላዝሚድ የሚባል ትንሽ የቀለበት ቅርጽ ያለው ዘረ መል ሊይዝ ይችላል። ሁለት ባክቴሪያዎች ይገናኛሉ፣ አንዱ ይገለብጥለታል። ሰጪው የራሱ ይቀርለታል፣ ተቀባዩም ሙሉ ቅጂ ይዞ ይሄዳል። ዘመድ መሆን አያስፈልግም። ፍላሹ ላይ ደግሞ አንድ «ፋይል» ብቻ አይደለም ያለው፤ አራትም አምስትም መድኃኒት የሚቋቋሙበት አብሮ ይሄዳል።

አሁን ሦስቷን ፍሬ እናንሳ። ልጁ አዚትሮማይሲኑን ዋጠ። ጉንፋኑ ላይ ምንም አልሠራችም፤ አንጀቱ ውስጥ ግን ሥራ አገኘች። እዚያ ከሚኖረው ስፍር ቁጥር የሌለው ባክቴሪያ መድኃኒቱ የሚገድለው እየጠፋ የሚቋቋመው ቦታ ይይዛል። ልጁ ምንም አይታወቀውም። ጤነኛ ነው። ሆኖም ፍላሹን ይዞ የሚዞር አንጀት አለው።

ከዚያስ? በ2016 በፓኪስታን ሲንድ ክፍለ ሀገር ኃይለኛ ታይፎይድ ተነሳ። ክሎራምፌኒኮል አልሠራም፣ አምፒሲሊን አልሠራም፣ ኮትሪሞክሳዞል አልሠራም፣ ሲፕሮ አልሠራም፣ በመጨረሻም ሴፍትሪያክሶን አልሠራም። ዘረ መሉ ሲነበብ የታይፎይዱ ባክቴሪያ ከሴፍትሪያክሶን የሚያስመልጠውን ፕላዝሚድ ያገኘው ከኢ. ኮላይ ሳይሆን አይቀርም ተባለ። ከማንም ሰው አንጀት ከማይታጣው ኢ. ኮላይ። በአፍ ከሚዋጥ መድኃኒት ለሐኪሞቹ የቀረላቸው አዚትሮማይሲን ብቻ ነበር። ያቺው ናት፤ ለጉንፋን በሦስት ፍሬ የተሸጠችው። ፓኪስታን በ2019 አዲሱን የታይፎይድ ክትባት በመደበኛ የልጆች ክትባት ውስጥ በማስገባት ከዓለም የመጀመሪያዋ ሆነች። መድኃኒት ሲያልቅባችሁ ወደ ክትባትና ወደ ንጹሕ ውሃ ትሮጣላችሁ።

ታይፎይድ ካልኩ አይቀር ዛሬ የማልዘለው ነገር አለ። እዚህ ካላችሁት «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ተብሎ የማያውቅ እጁን ያውጣ።

(ከአዳራሹ ሁለት እጅ ወጣ። ሳቅ ሆነ።)

አያችሁ? ድካም፣ ራስ ምታት፣ ትኩሳት ይዞን ክሊኒክ እንሄዳለን። ደም ይወሰዳል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ወረቀቱ ይመጣል፤ ሁለቱም «ፖዘቲቭ» ናቸው። የታይፎይዱ ምርመራ ቪዳል ይባላል፤ ከ1896 ጀምሮ ያለ ነው። ደማችሁን ከሞተ የታይፎይድ ባክቴሪያ ጋር ቀላቅሎ መርጋቱን ያያል። ችግሩ ከዓመታት በፊት ታይፎይድ የያዘው፣ የተከተበ፣ ወይም የባክቴሪያው ዘመድ ያገኘው ጤነኛ ሰው ደምም ሊረጋ ይችላል። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ሰው ሞልቷል። የታይፈሱ ይብሳል። ዌይል ፌሊክስ ይባላል፤ ከ1916 ጀምሮ ያለ ነው። የሚገርማችሁ፣ ምርመራው የታይፈስን ተህዋስ አይጠቀምም። ፕሮቲየስ የተባለ ሌላ ባክቴሪያ ነው የሚጠቀመው፤ ሁለቱ በአጋጣሚ ስለሚመሳሰሉ። ፕሮቲየስ ደግሞ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የሚያመጣ ተራ ባክቴሪያ ነው።

ቀደምቶቻችን ታይፈስን ተስቦ፣ ታይፎይድን የአንጀት ተስቦ ይሉ ነበር። አንዱ በቅማል፣ ሌላው በተበከለ ምግብና ውሃ የሚመጣ ነው። ሁለቱ ባንዴ አንድ ሰው ላይ መገኘታቸው ብርቅ መሆን ነበረበት። እኛ ጋ ግን እንደ ሽሮና እንጀራ ተያይዘው ይመጣሉ። ከዚያ ሲፕሮውና ዶክሲሳይክሊኑ አብሮ ይታዘዛል። ክሊኒኮቹን ብቻ አልወቅስም። በሽተኛው ራሱ «ምንም የለብህም» ሲባል ይቆጣል። ከፍሎ ባዶ እጁን መውጣት አይፈልግም።

እውነተኛውን ታይፎይድ የሚያሳየው የደም ካልቸር ነው፤ ያ የሕፃኑ ጠርሙስ ዓይነት። ቀናት ይፈጃል፣ ሁሉም ቦታ አይሠራም፣ እሱም ቢሆን ጥቂት የማይባለውን ያመልጠዋል። ፍጹም ነው አልልም። ግን ቢያንስ ሲያገኝ ያገኘው ባክቴሪያውን ራሱን ነው። የሚገድለው መድኃኒት የቱ እንደሆነም ይነግረናል።

ስለ ከብት መድኃኒት ብዙ መናገር ፈልጌ ነበር፤ ሰዓቱ አልበቃኝም። አንድ ነገር ብቻ። በ2015 ቻይና ውስጥ ኮሊስቲን የሚባለውን የመጨረሻ መጠባበቂያ መድኃኒት የሚያስመልጥ ፕላዝሚድ ተገኘ። የተገኘው አሳማ ላይ፣ ሥጋ ላይ፣ ቀጥሎም በሽተኛ ላይ ነው። ኮሊስቲን ለአሳማ መኖ ይጨመር ነበር። እኛም ኦክሲቴትራሳይክሊን የተወጋች ላም ወተቷ በዚያው ቀን ለጎረቤት ሲሸጥ ዝም ብለን እናያለን።

ከጥያቄዎቹ መካከል ሁለቱን ላንሳ።

አንድ ወጣት «እኅቴ አሜሪካ ናት፤ ስትመጣ ግማሽ ሻንጣ አሞክሳሲሊን ይዛ ነው የምትመለሰው፤ እዚያ ያለ ሐኪም አይሸጥም ትላለች። ልከልክላት?» አለኝ። እዚያ ያለ ማዘዣ የማይሸጥበት ምክንያት እስካሁን ያወራነው ሁሉ ነው አልኩት። በምትኩ በርበሬና ሽሮ ትውሰድ።

ሌላው «መድኃኒት ጀምረሽ ካቋረጥሽ ይላመዳል ይባላል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ መጨረስ አለብን?» ሲል ጠየቀ። ቲቢ ከሆነ ክርክር የለውም፤ ይጨረሳል። ለሌሎቹ ሳይንሱ ትንሽ ተለውጧል። ድሮ 10 ቀን የሚሰጥባቸው አንዳንድ ሕመሞች ዛሬ በ5 ቀን እንደሚድኑ ታይቷል። ስንት ቀን እንደሚበቃ ሐኪሙ ይወስን፤ እናንተ ያላችሁን ጠብቁ። ለእኔ ግን ትልቁ ጥፋት አንድ ቀን ቀድሞ ማቆሙ አይደለም፤ ሳያስፈልግ መጀመሩ ነው። ሰባት ቀን ሙሉ በሥነ ሥርዓት የተዋጠ የጉንፋን አንቲባዮቲክ እጅግ በሥነ ሥርዓት የተሠራ ጥፋት ነው።

ሰው መበተን ሲጀምር አንዲት እናት ወደ እኔ መጡ። ነጠላቸውን አስተካክለው ከቦርሳቸው በመሐረብ የተቋጠረ ነገር አወጡ። ስድስት ፍሬ እንክብሎች ናቸው፤ ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ጥቁር። «የልጅ ልጄን ጉሮሮዋን ሲያማት እያልኩ ነው ያስቀመጥኩት፤ አንዷን ከፍቼ በማር እሰጣታለሁ» አሉኝ።

«መቼ የተገዛ ነው እማማ?»

«ሟች ባለቤቴ የታመመ ጊዜ።»

ካርቶኑ ጠፍቷል፣ ስሙ የለም፣ ቀኑ የለም። አንዱን በጣቴ ስይዘው ሽፋኑ ለጣቴ ተጣበቀ። «ፋርማሲ ወስደው ያስወግዱልዎ፤ ሽንት ቤት እንዳይጥሉት» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና መልሰው ቋጠሩት። «አንቺው ውሰጂው» ብለው መሐረቡን እጄ ላይ አኖሩ። «መሐረቡን ግን መልሺልኝ።»